ከአፉ አንድ ስንዝር

ሾፌር የማያውቀው ምስጢር የለም። ሰው መኪና ውስጥ ከገባ በኋላ ሾፌሩን ከመሪው ጋር አብሮ እንደተገጠመ ዕቃ ያየውና የሆዱን ሁሉ ይዘረግፋል። እኔ የቴሌስኮፑን ሠራተኞች ከከተማ ወደ ኮረብታው ሳመላልስ አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ምሁራኑ የሚሉትን እየሰማሁ ስንቱን ነገር ተምሬአለሁ፤ ዲግሪ የሰጠኝ የለም እንጂ። ስለ ጋሽ በረዶ የምነግራችሁም ከኋላ ወንበር የሰማሁትንና አንድ ቀን ጠዋት መሰላል ይዤ በዓይኔ ያየሁትን ነው።

ጋሽ በረዶ ያልነው ሥራው ማቀዝቀዝ ስለሆነ ነው፤ ሰውየውስ ሞቅ ያለ ነው። ሳይንቲስት አይደለም። ሲጠይቁት "ፍሪጅ ጠጋኝ ነኝ፤ ፍሪጁ ትንሽ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው" ይላል። በወጣትነቱ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ጠባብ ሱቅ ነበረችው። የሥጋ ቤቶችን ማቀዝቀዣ፣ የጤና ጣቢያዎችን የክትባት ፍሪጅ፣ የጎረቤቱን ሁሉ አሮጌ ፍሪጅ ሲጠግን ይውላል። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ደግኖ ያዳምጥና "ይቺ ሳንባዋ ነው" ብሎ ይፈርዳል። የቴሌስኮፑ ማቀዝቀዣ ተበላሽቶ ከውጭ የሚመጣ መሐንዲስ ወር ሙሉ ሲጠበቅ፣ አንድ ጥበቃ "እኛ ሰፈር አንድ ሰው አለ" ብሎ ጠቆመ። ጋሽ በረዶ ካቻቢቴውን ይዞ መጣ፣ አዳመጠ፣ ለምሳ ሳይደርሱ አስነሳው። ያው እዚያው ቀረ፤ ሃያ ስድስት ዓመት።

ቅዝቃዜው ለምን እንደሚያስፈልግ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ለካ የቴሌስኮፑ መቀበያ ከሞቀ የራሱ ሙቀት እየጮኸ የሰማዩን ድምፅ ይውጠዋል። ስለዚህ ከዜሮ በታች ሁለት መቶ ሃምሳ ዲግሪ ገደማ ላይ መቀመጥ አለበት። ሰማዩን የሚመለከተውን ክፍት ጎኑን እነሱ "አፉ" ይሉታል። ያንን አፍ ከጋሽ በረዶ በቀር የሚነካው ሰው አልነበረም። እሱ ደግሞ የነካውን ይጽፋል። ከማሽኑ አጠገብ በሰንሰለት የታሰረ ወፍራም መዝገብ አለ፤ በላዩ "የነካ ይጻፍ" ተብሎ በቀይ ተለጥፏል። አንድ ብሎን ቢያጠብቅ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የብሎኑን ቦታ በዚያ እንደ ታተመ በሚያምር እጅ ጽሑፉ ያሰፍራል። ምሁራኑ መዝገቡን ሲያገላብጡ እንደ ሕግ መጽሐፍ ነበር የሚያምኑት።

ያለችው አንዲት ልጅ ናት። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከአባቷ ጎን አስቀምጬ ወደ ላይ የማወጣት እኔ ነበርኩ። ጥያቄዋ ማለቂያ የለውም፤ ጆሮዬን ታደርቀው ነበር። አባቷ የሚያውቀውን ይመልስላትና የማያውቀው ላይ ሲደርስ "እሱን አድገሽ ንገሪኝ" ይላታል። አደገችና ነገረችው። ዶክተር ሆና እዚያው ኮረብታ ላይ ተቀጠረች። ከዚያን ቀን ወዲህ ጋሽ በረዶ ጠዋት መኪናዬ ውስጥ ሲገባ ደረቱ ይቀድመዋል። ሰላምታዬን እንኳን የሚቀበለኝ እንደ ሚኒስትር ሆኗል ብዬ አሾፍበት ነበር።

አንድ ቀን ምን እንደምትሠራ ጠየቅኳት።

"ጋሼ፣ ስታዲየም በር ላይ ቆመህ ጨዋታ አዳምጠህ ታውቃለህ?" አለችኝ።

"ትኬት ያጣሁበት ቀን ይቆጠራል እንዴ!"

"እያንዳንዱ ደጋፊ የሚለውን ለይተህ አትሰማም። ግን ጩኸቱ በየት በኩል እንደበረታ፣ የቱ ጥግ ጭር እንዳለ ታውቃለህ። የኛም ሥራ እንደዚያ ነው። ሌሎች ተመራማሪዎች ጋላክሲዎችን አንድ በአንድ ይቆጥራሉ፤ የሚቆጠሩት ግን ደማቆቹ ብቻ ናቸው። እኛ አንቆጥርም። የደካሞቹም የደማቆቹም ብርሃን ተደምሮ የሚመጣውን እንሰበስብና ከሱ ካርታ እንሠራለን።"

የሚከተሉት የአንድ ጋዝ ብርሃን ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ። "ከጭስ ማውጫዬ የሚወጣው?" ስላት "እሱው ራሱ" አለችኝ። ኮከብ በሚወለድበት አካባቢ ይገኛል፤ የሚያወጣው ሞገድም ርዝመቱ የታወቀ ነው። ጠፈር ሲለጠጥ ያ ሞገድ አብሮ ይለጠጣል። ይበልጥ የተለጠጠው ከሩቅ፣ ከጥንት የመጣው ነው። እንግዲህ ሞገዱን በርዝመቱ ሲለዩት ዘመኑንም ለዩት ማለት ነው። የዛሬ አስር ቢሊዮን ዓመትና ከዚያ በፊት ጋላክሲዎች የት የት እንደተሰበሰቡ፣ እንዴት እንዳደጉ፣ ዓለሙ ራሱ እንዴት እንደተዘረጋ ከዚያ ካርታ ያነባሉ። እኔ ከዚያ ቀን በኋላ መኪናዬ ሲያጨስ እንደ ድሮው አላፍርም።

አምስት ዓመት ለፋችበት። ሁለቱን መሣሪያውን ሲያስተካክሉ፣ ሦስቱን አንዲት የሰማይ ቁራጭ ላይ አፍጥጠው። በመጨረሻም ምልክቱን አገኘሁት አለች። ዳታውን ለሁለት ቆርጠው፣ ለአራት ቆርጠው፣ ገልብጠው አዩት፤ አለ። ታላላቆቹ ምሁራን ሳይቀሩ ጓጉ።

ውጤቷ ይፋ የሚሆንበት ቀን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በራቸው ደረስኩ። አራት ሰዓት ላይ ጽሑፏ ለዓለም ይለቀቃል፣ እሷም አዳራሹ ውስጥ አርባ እንግዳ ፊት ትናገራለች። እናትየዋ የልጅቷን ጃኬት ትከሻ በእጇ እየጠረገች እስከ መኪናው ድረስ ወጣች።

"ዛሬ ጉድጓድ ውስጥ እንዳትከታቸው" አለችኝ። "ሸሚዟን ሁለቴ ነው የተኮስኩት።"

አባትና ልጅ ከኋላ ተቀመጡ። ልጅቷ ደስታው አላስቀምጥ ብሏት ወሬዋን ትለቀዋለች።

"አባዬ፣ ያ የጽሑፌ የመጨረሻ ገምጋሚ ያደረገኝን ነግሬሃለሁ? ሁለት ወር ሙሉ እኮ ነው ያንከራተተኝ።"

"ምን ሆንኩ ብሎ?"

"ምልክቱ በሁለተኛው ዓመት ለምን ደመቀ አለ። አየሩ ደረቅ ስለነበር ነው አልኩት። አልበቃውም። 'ከመቀበያው አፍ ፊት ሃያ ሳንቲ ያህል ርቆ የሚያብረቀርቅ ነገር ቢኖር ሞገዱ በመሃል እየተመላለሰ ልክ እንዲህ ያለ ምልክት ይሠራል፤ እዚያ የተጨመረ ነገር አለ ወይ?' አለኝ። አንድ ስንዝር መሆኑ ነው።"

"አንቺስ ምን አልሽው?"

"ምን እለዋለሁ! አፉን ካንተ በቀር የሚነካው የለ። መዝገቡን ገጽ በገጽ አየሁት፣ ምንም የለም። 'የጥገና መዝገባችን ሙሉ ነው' ብዬ ጻፍኩለት። ከዚያ በኋላ አሳለፈኝ። አየህ አባዬ፣ በአንተ እጅ ጽሑፍ ነው ያለፍኩት።" ሳቀችና ትከሻውን ደገፍ አለች።

ጋሽ በረዶ አልሳቀም። በመስታወት ሳየው ፊቱ አመድ መስሏል። የመንገዱ ጥምዝምዝ ያቅለሸለሸው መስሎኝ መስኮት ዝቅ አደረግኩለት።

አዳራሹ በር ላይ ልጅቷ ወረደች። እሱ አልወረደም።

"ወደ ዲሹ ንዳ" አለኝ፤ ዲሽ የምንለው የቴሌስኮፑን ትልቅ ሳህን ነው።

"ዛሬ ደግሞ ዲሹ ምን አለው? እንግዳ ሁሉ እዚህ ነው።"

"ንዳ አልኩህ!"

በአስራ ዘጠኝ ዓመት ጮኾብኝ አያውቅም። ነዳሁ።

ዲሹ ሥር ስንደርስ ሰዓቱ ለሦስት አስር ጉዳይ ነበር። ቴሌስኮፑ ወደ ለመዳት የሰማይ ቁራጭ አጎንብሶ በሥራ ላይ ነው። ጋሽ በረዶ ማንንም ሳያስፈቅድ የማቆሚያውን ሳጥን በቁልፉ ከፍቶ ቀዩን ቁልፍ ተጫነው። ያ ግዙፍ ነገር ባጎነበሰበት ቀጥ አለ። ይህን ያለ ፈቃድ ያደረገ ሠራተኛ በማግስቱ አይገባም።

"ሰውዬ፣ አብደሃል?"

"መሰላሉን ያዝልኝ" አለ። መሰላሉ ሥር ቆመን ነገረኝ።

ከዚያን ቀን ሁለት ዓመት ከጥቂት ወር ቀደም ብሎ አፉ ላይ ውርጭ መያዝ ጀመረ። ከአፉ ፊት እንደ አንገትጌ የሚዞረው ሽፋን መገጣጠሚያው ለቅቆ እርጥብ አየር ያስገባ ነበር። እሱም በፕላስተር ዘጋው። በአሉሚኒየሙ ፕላስተር፣ በሚያብረቀርቀው። ፍሪጅ ጠጋኝ በዕድሜው ሙሉ ቀዳዳ የሚደፍነው በእሱ ነው፤ እጁ ሌላ አያውቅም።

"ታዲያ ለምን አልጻፍከውም?"

"አፉ ተነክቷል ብዬ ብጽፍ ሥራ አንድ ሳምንት ይቆማል። ሁሉም ነገር እንደገና ይለካል። ያኔ ያች የሰማይ ቁራጭ እስክትጠልቅ የቀሯት ሦስት ሳምንት ብቻ ነበሩ። ልጄ ራት ላይ በጣቷ ቀን ስትቆጥር እያየሁ ነው የከረምኩት። ከሦስቱ አንዱን ልውሰድባት? አንዲት ቁራጭ ፕላስተር ምን ታደርጋለች አልኩ።" ፊቱን በመዳፉ አበሰ። "ሃያ ስድስት ዓመት ስጽፍ ኖሬ ያልጻፍኩት እሱን ብቻ ነው።"

ወጣ። እኔ መሰላሉን በሁለት እጄ ይዤ አንጋጠጥኩ። ፕላስተሩ እኔ ካለሁበትም ይታያል። አንዱ ጫፉ ለቅቆ ወደ አፉ ዞሮ ተንጠልጥሏል። ጋሽ በረዶ በጣቱ ገፋ አድርጎ ወደ ቦታው መለሰው፤ ሲለቀው ተመልሶ ተንጠለጠለ።

"ቀና ሲል ይለጠፋል፣ እዚህ ላይ ሲያጎነብስ ይወርዳል" አለ፤ ለእኔ ይሁን ለራሱ አላውቅም። "ሌላ ቦታ ሲያዩ የለም፤ ወደ እሷ ሰማይ ሲዞሩ አለ። ከሰማይ የመጣ ባይመስላቸው ነበር የሚገርመው።"

ያኔ ያልኩትን አልደብቅም። አፍሬበታለሁ፣ ግን ብያለሁ። "ንቀለውና ኪስህ ክተተው! ማን አየህ? እኔ ምንም አላየሁም። ልጅቷ አርባ ሰው ፊት ልትቆም አንድ ሰዓት እንኳን አልቀራት!"

ጫፉን በሁለት ጣቱ ያዘ። አንድ ጊዜ ሳብ ቢያደርገው አለቀ። ከታች የማቀዝቀዣው ሞተር፣ ኮምፕረሰሩ፣ ይተነፍሳል። ምሰሶው ላይ ያለው ስልክ ጮኸ፤ ከአዳራሹ ጎን ያለው መቆጣጠሪያ ክፍል ቴሌስኮፑ መቆሙን አይቷል ማለት ነው። ጮኾ ጮኾ ዝም አለ። እንደገና ጮኸ። ጋሽ በረዶ ፕላስተሩን እንደያዘ ነው። 

"ንቀለው እንጂ!"

"ብነቅለው በሚቀጥለው ዓመት ምልክቱ ይጠፋል" አለ ቀስ ብሎ። "እሷም ያየችውን ነገር መልሳ ለማግኘት ዕድሜዋን ሙሉ ስትፈልግ ትኖራለች። የት እንደገባ የማውቀው እኔ ብቻ። እሷ እየፈለገች፣ እኔ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ራት ልበላ ነው?"

ፕላስተሩን ለቀቀው፤ እንደተንጠለጠለ ተወው። ወረደና ስልኩን አነሳ። ኃላፊያችን ከወዲያ ሲጮኹ እኔ ድረስ ይሰማል።

"ያቆምኩት እኔ ነኝ፣ ጌታዬ። ልጄን ያቅርቡልኝ" አለ። ትንሽ ጠበቀ። "ልጄ፣ ጽሑፉን እንዳትለቂው። ምንም እንዳትናገሪ። መጀመሪያ ነይና እዪ።"

እሷ የመለሰችውን አልሰማሁም። 

ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ከኃላፊው ጋር መጣች፤ ጫማዋን በእጇ ይዛ በጠጠሩ ላይ እየሮጠች። አባቷን አላናገረችውም። በዚያ ሁለቴ በተተኮሰ ሸሚዝ መሰላሉን ወጣች። አውራ ጣቷን አፉ ጠርዝ ላይ አድርጋ መዳፏን ዘረጋች። ትንሿ ጣቷ ፕላስተሩን ነካች። ልክ አንድ ስንዝር። 

"መቼ?" አለች ከላይ።

ቀኑን፣ ሰዓቱን ነገራት። መዝገብ ላይ እንዳለ አድርጎ በቃሉ ያውቀዋል።

"ለምን?"

"ሳምንትሽን እንዳልወስድብሽ ብዬ።"

ዓይኗን ጨፈነች። እንድትጮህ፣ እንድትሰድበው፣ ቢያንስ እንድታለቅስ ጠበቅኩ። ወረደች፤ ጫማዋን አደረገች፤ ጽሑፉን ወደሚያወጡት ሰዎች ደውላ "ያዙልኝ" አለች። ድምፅዋ የቀጠሮ ሰዓት የምትቀይር ሰው ድምፅ ነበር። ኃላፊያችን ጭንቅላታቸውን ይዘው ጠጠሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ይላሉ።

"እንግዶቹን እኔ እመልሳቸዋለሁ" አሏት።

"የጠራኋቸው እኔ ነኝ" አለች።

አራት ሰዓት ላይ አዳራሹ ውስጥ ከኋላ ቆሜ ነበር፤ ጋሽ በረዶ አጠገቤ በሩን ተደግፏል። ልጅቷ ያዘጋጀችውን አንድም ሥዕል አላሳየችም። "ከሰማይ የመጣ መስሎን የነበረው ምልክት ከራሳችን መሣሪያ የመጣ ሳይሆን አይቀርም" አለች። "የጥገና መዝገባችን ሙሉ ነው ብዬ ጽፌ ነበር። ሙሉ አልነበረም። ያንን የጻፍኩት እኔ ነኝ።" የአባቷን ስም አልጠራችም። አዳራሹ እርስ በርሱ መንሾካሾክ ሲጀምር ጋሽ በረዶ እንደ ተማሪ እጁን አወጣ። አርባው ሰው ዞረ።

"ያልጻፍኩት ደግሞ እኔ ነኝ" አለ። "ፍሪጅ ጠጋኝ ነኝ።"



አላባረሩትም። ቁልፉን ተቀብለው ከታች ኮምፕረሰሩ ክፍል አወረዱት፤ አፉ ጋ አይደርስም። ከፕላስተሩ ወዲህ ያለው የሃያ ሁለት ወር ዳታ ተጣለ። የቀረው የአስራ አራት ወር ነው፤ እሱን መልሳ ስታሰላው ምልክቱ የለም። ጽሑፏ ተለውጦ "አላየነውም፤ ካለም ከዚህ አይበልጥም" የሚል ሆኖ ወጣ። ያም ቢሆን ዋጋ አለው ይላሉ፤ የዚያ ዘመን ጋላክሲዎች ከዚህ በላይ ደማቅ ነበሩ የሚሉትን ዝም ያሰኛል። ለዚያ ጽሑፍ ግን ሸሚዝ የተኮሰለት የለም።

መኪና ውስጥ ከእኔ ጎን መቀመጥ ጀመረች፤ እሱ ከኋላ። "እንደምን አደርክ አባዬ" አንድ ቤት ውስጥ አድረው የሚባባሉት የመኪናዬ በር ላይ ሲደርሱ ነበር። ከዚያ ሌላ ቃል የለም። ስድስት ሳምንት እንደዚህ ተመላለስን። ሬዲዮ ብከፍት ይከብዳል፣ ብዘጋው ይብሳል። ሁለቱንም መንገድ ላይ አውርጄያቸው ልሄድ የቃጣኝ ቀን ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስንመለስ፣ ፊቷን ወደ መንገዱ እንዳደረገች ተናገረች።

"አንድ ሳምንት ነበር እኮ አባዬ።"

እሱ ከኋላ ወደ ወንበሯ ጠጋ አለ።

"ብትጠይቀኝ እሰጥህ ነበር።"

"አውቃለሁ ልጄ" አለ። "ላንቺ ብዬ ነው እኮ።"

"እሱን ነው ያልቻልኩት" አለች፤ ያኔ ነው ድምፅዋ የተሰበረው። "ጠላት ቢያደርገው ኖሮ ተጣልቼው በተገላገልኩ።"

ጋሽ በረዶ ከኋላዬ ማልቀስ ጀመረ፤ በሃምሳ ስምንት ዓመቱ፣ ድምፁን አውጥቶ። እሷም እንባዋን በጃኬቷ እጅጌ ትጠርጋለች። እኔ ጉድጓዱን ሁሉ እየዞርኩ ቀስ ብዬ እስከ በራቸው ነዳሁ።